ስምንት አልጋ ያለው ተሳቢ ቤት

ላቨርን ላምብራይት ተሳቢ ቤት ሲሠራ ነው ያረጀው። ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት፣ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ሰው በበጋ ቤተሰቡን ይዞ የሚዞርበት ቤት ማለቴ ነው። እዚህ ሰሜን ኢንዲያና ውስጥ ይህን የማይሠራ ወንድ ካገኛችሁ ወይ ላም አላቢ ነው ወይ እንደ እኔ ሹፌር ነው። ላቨርን የተሳቢውን ወለል ነው የሚያነጥፈው። ጎህ ሳይቀድ ፋብሪካ ይገባል፣ ቀትር ላይ ይወጣል። የሚከፈላቸው በሠሩት ልክ ስለሆነ ሁሉም እየሮጡ ነው የሚሠሩት፣ እሱም በዚህ ሽበቱ ይሮጣል። ከእጁ ያለፈውን ተሳቢ ማን ቆጥሮት! በአንዱም ግን አድሮ አያውቅም። አሚሽ ነዋ፣ ሃይማኖታቸው መኪና መንዳትና ቤት ውስጥ መብራት ማስገባት ከሚከለክላቸው ክርስቲያኖች ወገን። በፈረስ ጋሪ የሚሄድ ሰው ተሳቢ ቤት ምን ያደርግለታል?

እኔ በሚኒባስ የማመላልሳቸው ሰው ነኝ። መንዳት እንጂ መሳፈር አልተከለከለባቸውም። ከእነሱ ወገን ያልሆነውን ሁሉ «እንግሊዝ» ነው የሚሉት፣ ስለዚህ እኔም እዚህ አገር እንግሊዝ ሆኜ ቀርቻለሁ፤ እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትል እንጃ። ላቨርንን ጠዋት ጠዋት ከደጁ የማነሳው ከልጁ ሰርግ በፊት ጀምሮ ነው። አጠገቤ ይቀመጣል፣ አይናገርም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። እንዲህ ሆነን ተስማምተን ኖረናል።

ሮዛና የመጨረሻ ልጁ ናት። ገና በልጅነቷ ከአሚሽ ወጣች። እነሱ የሚጠመቁት ካደጉ በኋላ ነው፤ ተጠምቃ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ከአንድ ማዕድ አብረዋት አይበሉም ነበር። ሳትጠመቅ ስለወጣች ግን ማንም የሚከስሳት የለም። ትሮይ የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አገባች። መብራት ከማይገባበት ቤት የወጣች ልጅ መብራት ሠራተኛ አገባች እያልኩ ስቀልድ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ይስቃል። ላቨርን ብቻ አይስቅም።

አራት ሴት ልጆች ወልዳ ጎሸን ከተማ ትኖራለች። ከአባቷ ቤት በሚኒባስ ቅርብ ነው። ላቨርን ግን አንድም ቀን ደጇን አልረገጠም። አልተጣሉም። እሷ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች፣ ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ስትሄድ መኪናዋ ጋ ቆማ «አባዬ፣ እናንተም አንድ ቀን ኑ እንጂ» ትላለች። እሱም «እስኪ ይታያል» ይላል። የሚታየው ነገር ስንት ዓመት ሙሉ ሳይታይ ቀረ። ሚስቱ ዖርፋ እኔን ይዛ ሄዳ ታውቃለች፣ ለአራስ ጥሪ፣ ለልደት። እሱ ሥራ አለኝ ይላል።

ባለፈው የጸደይ ወራት ዖርፋን ከገበያ መልሼ ዕቃ ሳወርድ ሮዛና ግቢው ውስጥ ቆማ አገኘኋት። ላቨርን የፈረሱን እግር ጭኑ ላይ አድርጎ ኮቴ ይፍቃል።

«አባዬ፣ ተሳቢ ቤት ልንገዛ ነው። ካንተ የተሻለ የሚያውቅ የለምና ምረጥልን» አለችው።

ቀና ሳይል «ለስንት ሰው?» አላት።

«ስምንት አልጋ ያለው።»

«ስድስት ናችሁ።»

«አዎ፣ ስድስት ነን።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ስምንት አልጋ ነው የምፈልገው። ሐምሌ ላይ ወደ ሞንታና ተራሮች እንሄዳለን። አንድ ወር ሙሉ።»

ዖርፋ ቅርጫቷን ይዛ ደረጃው ላይ ቆመች። ሁለቱ አልጋ የማን እንደሆነ ፈረሱም ሳይገባው አይቀርም። ላቨርን ግን «እንግዳ ታበዛላችሁ ማለት ነው» ብሎ መፋቁን ቀጠለ። ሮዛና ከንፈሯን ነከሰችና «አዎ፣ እንግዳ እንወዳለን» አለች።

በማግስቱ መንገድ ላይ አላስችል አለኝ። «ልጅቷ እኮ የጠየቀችህ ስለ ተሳቢ አይደለም» አልኩት።

«እኔን የጠየቀችኝ ስለ ተሳቢ ነው» አለና በመስኮት ወደ በቆሎው አየ። ነገሩ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። ከልጁ ጋር ሲጓዝ ቢያድር የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ምን ይላሉ የሚለው ይከነክነዋል፣ ከዚያ ይልቅ ደግሞ የልጁ ቤት ገብቶ ያለ እሱ ያማረ ኑሮ ማየቱን ይፈራል። ይህን ራሱ አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ እንዲህ የምለው።

በቅዳሜዎቹ ተሳቢ ስናይ ዋልን። እኔ ላቨርንን ይዤ፣ እነ ሮዛና በመኪናቸው። እሱ ተሳቢ የሚመርጠው ሌላው ፈረስ እንደሚመርጠው ነው። ግድግዳውን ያንኳኳል፣ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ከዚያ ባርኔጣውን ለእኔ ሰጥቶ ከሥሩ ይገባል። ሻጩ ስለ መጋረጃው ቀለም ሲያወራ የላቨርን ጫማ ብቻ ከተሳቢው ሥር ወጥቶ ይታያል። «ባሌስትራው ቀጭን ነው» ይላል ከታች። ወይም «ይሄን የሠራው ልጅ ምሳ ሊወጣ ቸኩሎ ነበር» ይላል። አንዱን ሲጠላ ሌላውን ሲንቅ ሁለት ቅዳሜ አለፈን።

በሦስተኛው አንድ ጡረተኛ ቤት ሄድን። ሰውየው ሁለት በጋ ብቻ የተጓዘበትን ሊሸጥ ነው። ስምንት አልጋ አለው፣ አራቱ ከኋላ ተደራርበው። ላቨርን ገብቶ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተንበርክኮ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ሌላ ሆኗል።

«ይሄን ወለል እኔ ነኝ ያነጠፍኩት። እዚያ ጥግ ላይ እንደኔ የሚቆርጥ የለም» አለ።

ኩራት ኃጢአት ነው ይላሉ። እንግዲያው ያን ዕለት ላቨርን ትንሽ ኃጢአት ሠርቷል፣ ጢሙም አልሸፈነለትም። ሮዛና ደግሞ ወለሉ የአባቷ እጅ መሆኑን ስትሰማ ነገር አለቀ፣ ሌላ ማየት አልፈለገችም።

ትሮይ ብቻ «ክብደቱስ እንዴት ነው? የእኛ መኪና እስከ ሃያ ሁለት ኩንታል ትጎትታለች ነው የሚለው» ብሎ ጠየቀ።

«በሩ ላይ ተጽፏል፣ አሥራ ዘጠኝ ነው» አለ ላቨርን። «ይሄንንማ እኛ ፋብሪካ አራት ሆነን ነው በእጅ የምንገፋው። በየቀኑ። ላብም አያወጣ።»

እውነቱን ነው፣ እዚያ በእጅ ነው የሚገፋፉት። ትሮይም አማቱ ካለ ብሎ ተቀበለ። ሻጩ ጡረተኛ ጥሩ ሰው ነበርና «መጀመሪያ ወስዳችሁ ሐይቁ ጋ እደሩበትና ሞክሩት» አላቸው።

በሚቀጥለው ዓርብ ከሰዓት ከላቨርን ግቢ ሊነሱ ሆነ። ዖርፋ ሰው መንገድ ሊሄድ ነው ሲባል የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ምድር ቤት ወርዳ በጠርሙስ ያሸገችውን ታወጣለች። የበሬ ሥጋ፣ ኮክ፣ ቀይ ሥር፣ የፖም ድልህ፣ የዶሮ መረቅ፣ ሁሉም በየጠርሙሱ፣ ጠርሙሱ በየሣጥኑ።

«ለሁለት አዳር ነው እኮ» አልኳት።

«ልጆች አሉ» አለችኝ። ለእሷ ይህ መልስ ነው።

ላቨርን ራሱ ተሸክሞ ከኋለኛው አልጋ ሥር ካለው ዕቃ ማስቀመጫ ደረደረው። «ወለሉ ይችላል፣ አውቀዋለሁ» እያለ። ትሮይ የውኃውን በርሜል ሞላ፣ የልጆቹን ብስክሌቶች ከኋላ ሰቀለ። ተነሡ። እኔ ላቨርንን አጠገቤ፣ ዖርፋን ከኋላ ይዤ ተከተልኳቸው።

«ለራት ነው የምንሄደው፤ ማታውኑ ትመልሰናለህ» አለኝ ላቨርን።

«ነግረኸኛል» አልኩት።

ዋናው መንገድ ላይ እስክንወጣ ደህና ነበር። ከዚያ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በግራቸው አለፈና የተሳቢው ጅራት ወዝወዝ አለ። ወዲያው የሚቆም መስሎኝ ነበር። አልቆመም። አንዴ ወደ ሣሩ፣ አንዴ ወደ መሐል መንገድ፣ እየባሰበት፣ ዝንብ እንዳስቸገራት ላም ጅራት። ፊት ያለችውን መኪና ከኋላዋ እያነሳ ይወረውራት ጀመር። ተሳቢው ወደ ጎን በሄደ ቁጥር በመኪናዋ የኋላ መስኮት የልጆቹ ጭንቅላት ወዲያና ወዲህ ሲል ይታየናል።

ላቨርን ፈረስ እንደሚያረጋጋ ሰው «ቀስ! ቀስ! ቀስ በል!» ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። ዖርፋ ከኋላ የጌታን ስም ትጠራለች። ትሮይ ግን አልደነገጠም፣ ወይም ደንግጦ አልተሳሳተም። ፍሬን አልረገጠም፤ ነዳጁን ለቅቆ መሪውን ብቻ ቀጥ አድርጎ ያዘ። ፍጥነቱ ሲቀንስ መወዝወዙም ቀነሰ፣ ቀነሰና ጠጠሩ ላይ ወጥተው ቆሙ።

ላቨርን ሚኒባሱ ሳይቆም ወርዶ ሮጠ። ልጆቹ ተራ በተራ ወረዱ። ትንሿ ጆሲ «አያዬ፣ ቤቱ ጨፈረ!» አለችው። አንስቶ አቀፋት፣ አላወርድ አለ። ሮዛና በሩን ይዛ ልጆቿን አንድ በአንድ ትቆጥራለች።

ትሮይ ከኋላ ከፍቶ ጠርሙሶቹን አየ፣ ብስክሌቶቹን አየ፣ በርሜሉን አንኳኳ። «አሥራ ዘጠኙ የባዶው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ ሁሉ ሲገባ ሃያ አምስት ሳያልፍ አይቀርም። ያውም ጭነቱ በሙሉ ጅራቱ ላይ።»

«እኔ ነኝ ያደረግኩት» አለ ላቨርን።

«እርስዎ ምን ያድርጉ። እኔም ማሰብ ነበረብኝ። መኪናችን ናት ያነሰችው።» ትሮይ ጨዋ ልጅ ነው፣ ይህን ሁሌም እመሰክርለታለሁ። ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሮዛና፣ ይሄን ለመጎተት ከባድ መኪና መግዛት አለብን፣ ስምንት ወንበር ያለውን ዓይነት። ለስድስት ሰው ያን ያህል መኪና ምን ያደርግልናል? ስድስት አልጋ ያለው ትንሽ ተሳቢ እንግዛ። እሱን ይቺው መኪናችን ትችለዋለች።»

ያለው ሁሉ ትክክል ነበር። ሮዛና ግን እሱን አላየችውም፣ አባቷን ነው ያየችው። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ላቨርን ጆሲን አወረደና የጠርሙሶቹን ሣጥኖች ወደ ሚኒባሴ ማጋዝ ጀመረ። ሮዛና ፊቷን አዞረች።

ሐይቁ ቀረ። እነሱ እያዘገሙ ተመለሱ፣ እኛም ጠርሙሱ ከኋላ እየተንኳኳ ተከተልን።

ብዙ ከሄድን በኋላ ላቨርን ተናገረ። «ዕድሜዬን ሙሉ ባዶውን ነው ያየሁት። ወለል እናነጥፋለን፣ እንገፋለን፣ ይሄዳል። ሰው ሲኖርበት ምን እንደሚሆን አላውቅም።» ወደ እኔ ዞረና «ለአንድ ወር ሲሄዱ ምን ምን ነው የሚይዙት? ምን ምን አላቸው?» አለኝ።

እዚህ ላይ ተናደድኩ። «እኔን ነው የምትጠይቀኝ? እኔ ዘመዷ ነኝ? ቤት አላት እኮ ልጅህ! በር አለው፣ ይከፈታል!»

እቤቱ ስንደርስ ሳይሰናበተኝ ወርዶ ገባ። አሁንስ ሌላ ሹፌር ይፈልጋል ብዬ ነበር።

ሰኞ ከሥራ ስመልሰው ግን «አትሂድ፣ ጠብቀኝ» አለኝ። ከበረቱ የከብት መኖ የሚመዘንበትን ትልቁን ሚዛን፣ ሰው የሚቆምበት መድረክ ያለውን፣ እየጎተተ አመጣ። ዖርፋም ነጠላ ጫማዋን በደህናው ጫማ ቀይራ ወጣች።

«ወዴት ነው?» አልኩ።

«ጎሸን።»

አፌን ያዝኩ። ለእኔ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ሮዛና በሩን ከፍታ አባቷን ሚዛን ታቅፎ ስታይ እጇ ላይ የነበረውን ሳህን ለዖርፋ ሰጠች፣ ለምን እንደሰጠቻት እሷም አታውቅም። «አባዬ?» አለች።

«ልመዝን ነው የመጣሁት። መኪና የሚመረጠው በሞላው ተሳቢ እንጂ በባዶው አይደለም። የምትይዙትን ሁሉ አምጡ።»

ገባ። ሳሎኑ ውስጥ ፒያኖ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ግድግዳው ሙሉ የልጆቹ ፎቶግራፍ ነው። እነ ላቨርን ቤት አንዱም አይገባም፣ ክልክል ነው። ላቨርን ፒያኖውን አይቶ ለሚዛኑ ደልዳላ ቦታ የሚፈልግ ይመስል አለፈው። ፎቶዎቹ ጋ ግን ቆመ። ጆሲ ገና ስትወለድ የተነሳችው ላይ ዓይኑ ብዙ ቆየ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ የዝናብ ልብስ፣ የትሮይ መፍቻዎች፣ የታጠፉ ወንበሮች። እኔ ሚዛኑን አነባለሁ፣ ሮዛና ትደምራለች።

«አንዲት ልጅ ስንት ጫማ ነው ያላት?» ይላል ላቨርን።

«አያዬ፣ ይሄ የውኃ ነው፣ ይሄ የተራራ ነው» ትለዋለች ትልቋ።

«በአንድ እግር ነው የሚወጣው ተራራው!»

ዖርፋ ከት ብላ ሳቀች። መጻሕፍቱ ሲመዘኑ «ይሄ ሁሉ ወረቀት!» አለች፣ እንደገና «ጠርሙሶቼ ግን ይመዘኑ፣ አልቀርም ብለዋል» አለች፣ ሮዛናም ሳቀች። ሳቋ የዖርፋ ቁርጥ ነው።

ሲመሽ ሮዛና እራት አቀረበች። ላቨርን ይበላ ይሆን ብዬ ዓይኔን ጣልኩበት። ተቀመጠ። ገና ማንም ሳያዛቸው አራቱም ልጆች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ፣ ድምፅ የሌለው ጸሎት፣ ልክ በአያታቸው ቤት እንደሚደረገው። በልተው ሲጨርሱም ሳይነሡ እንደገና ደፉ። ከመብል በፊትም በኋላም ዝም ብሎ መጸለይ የእነዚህ ሰዎች ነው፤ ከተማው ውስጥ ማንም አያደርገውም። ሮዛና ይህን ከዚያ ቤት ይዛ ወጥታለች፣ አባቷ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ባዶ እጇን የወጣች መስሎት ኖሯል። ሁሉም ቀና ሲሉ እሱ እንደደፋ ቀረ።

ትሮይ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ድምሩን አየ። «ዕቃው ትንሹ ተሳቢ ውስጥ በደንብ ይገባል» አለ።

«ሰው ቀርቷል» አለ ላቨርን። «ተሳቢው መኪናው ላይ ይጫናል፣ የተሳፈረውም ሰው ይጫናል። ሁለቱንም የሚሸከመው ያው አንዱ መኪና ነው።»

ልጆቹ እየተንጫጩ ተራ በተራ ሚዛኑ ላይ ወጡ። ጆሲ ዘለለችበትና ቁጥሩ ከፍ ብሎ ታየ፣ ተሳቀ። ትሮይ ወጣ፣ ሮዛና ወጣች። ትሮይ ደመረ። «ልክ ነው። ከትንሹ ጋር መኪናችን በቂ ናት። ለስድስት ሰው ይሄ ይበቃል።»

«እሺ» አለች ሮዛና። አንድ ጊዜ ወደ አባቷ አየችና ዓይኗን ሰበረች። «እሺ፣ ይብቃ። ትንሹን እንግዛ።» ሚዛኑን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«ተይው» አለ ላቨርን።

ባርኔጣውን አውልቆ ለጆሲ ሰጣት። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ሜትር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ እንዳይሳሳት ብሎ ነው። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ እያየ ቆመ።

«አንብብ እንጂ» አለኝ።

አነበብኩ። ትሮይ ቁጥሩን ጽፎ እርሳሱንና ወረቀቱን ለሮዛና ሰጣትና «እንግዲህ ባለ ስምንት ወንበሩን መኪና ነዋ የምንገዛው» አለ።

ላቨርን ወረደና «ዖርፋ፣ ነይ አንቺም ሚዛኑ ላይ ውጪ» አላት።

«እኔ ሰው ፊት አልመዘንም!»

«ዞር ይሉልሻል።»

ሁላችንም ዞርን። ትሮይ፣ እኔ፣ ልጆቹ እየተጠቃቀሱ፣ ሁላችን በየግድግዳው ፊታችንን አስጠግተን ቆምን። ሮዛና ከአጠገቤ ነበረች፣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ። ከኋላችን ሚዛኑ ሲንቋቋ ተሰማ። ላቨርን ቁጥሩን በሹክሹክታ ተናገረ፣ ትንሽ ጠበቀ።

«ጻፊ እንጂ ልጄ» አላት።

እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አደረገችና የእናቷን ቁጥር ከአባቷ ቁጥር ሥር ጻፈች።